ኤክስቴንሽን በዛና ብራውዘሬ ተንቀራፈፈ፤ የትኛውን ላስቀር?

ሰባራ_ኪቦርድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወገብ ሕመም አንድ ጽሑፍ አንብቤ ስወጣ፣ ምንም በማይገናኘው የስፖርት ዜና ገጽ ላይ የወገብ ቀበቶ ማስታወቂያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ይሄ ነገር ስላስመረረኝ ትራከር (ከገጽ ገጽ የሚከታተለንን ነገር) ይከለክላል የተባለውን ኤክስቴንሽን፣ ብራውዘር ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ሁሉ ክሮም ላይ ጭኛለሁ። ያሉኝ እነዚህ ናቸው፦ አድብሎክ ፕላስ፣ ጎስተሪ፣ ፕራይቬሲ ባጀር፣ ኩኪ የሚያጠፋ አንድ ኤክስቴንሽን፣ ነጻ ቪፒኤን፣ ዩብሎክ ኦሪጅን እና ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደብዝዘዋል፤ «ከእንግዲህ አይደገፍም» ይላል።

አሁን ገጾች በግማሽ ይከፈታሉ። ቪዲዮው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሎግ ኢን ያደረግኩበት ሁሉ በማግስቱ እንደ አዲስ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። የትኛውን ላስቀር፣ የትኛውን ላውጣ? የምታውቁ ንገሩኝ።

እናት_ሰሌዳ፦

አንድ ይበቃሃል፣ ዩብሎክ ኦሪጅን። ሌላው ይውጣ።

አንድ ገጽ ስትከፍት የምታነበው ጽሑፍ የሚመጣው ከዚያ ድረ ገጽ ሰርቨር ነው። ገጹ ግን ብራውዘርህን «እግረ መንገድህን እነዚህንም አምጣ» ይለዋል። ከማስታወቂያ ድርጅት ስክሪፕት፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ የላይክ ቁልፍ፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ፒክሰል የምታክል በዓይን የማትታይ ምስል። ብራውዘር ታዛዥ ነው፣ ሄዶ ያመጣል። ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አይሄድም። አይፒ አድራሻህን፣ ያለህበትን ድረ ገጽ ስም፣ ያ ድርጅት ከዚህ በፊት ያስቀመጠብህን ኩኪ (መለያ ቁጥርህን የያዘች ትንሽ መረጃ) ይዞ ነው የሚሄደው። ድርጅቱ ስክሪፕቱን በሺህ ድረ ገጾች ላይ ካስቀመጠ በሺሁም ላይ ያው ኩኪ ይመለስለታል። ቀበቶህ የመጣው በዚህ ነው። ስምህን ማወቅ አያስፈልጋቸውም፣ ቁጥርህ ይበቃቸዋል።

ኩኪ ራሱ ለክፋት አልተሠራም። በ1994 ፕሮግራመሩ ሉ ሞንቱሊ ኔትስኬፕ በተባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ ሲሠራው፣ ድረ ገጽ ለመግዛት የመረጥከውን ዕቃ እንዳይረሳ ታስቦ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ጣጣው የመጣው ሦስተኛ ወገን ሲጠቀምበት ነው።

ዩብሎክ ኦሪጅን የትራከሮችን አድራሻ የያዙ ዝርዝሮች አሉት። ኢዚሊስት ለማስታወቂያ ነው፣ ኢዚፕራይቬሲ ለትራከር። ብራውዘርህ «አምጣ» ሲባል ኤክስቴንሽኑ ዝርዝሩን አይቶ ጥያቄው ከመውጣቱ በፊት ያስቀረዋል። ጥያቄው ካልወጣ የሚላክ ኩኪ የለም፣ የሚወርድ ስክሪፕትም የለም። ገጹ የሚፈጥነውና ዳታ የሚቆጠበው ለዚህ ነው።

ሦስት ከልካይ ስትደረድር እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አንዱ ከልካይ አንዳንድ ስክሪፕቶችን ዝም ብሎ አይዘጋም፤ ገጹ እንዳይሰበር ምንም በማይሠራ ባዶ ስክሪፕት ይተካቸዋል። ሌላኛው ኤክስቴንሽን ቀድሞ ጥርቅም ካደረገው መተካቱ ቀረ፣ ገጹም ተሰበረ። ጥቁር የሚሆነው ቪዲዮህ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ሎግ ኢን የሚያስረሳህ ደግሞ ያ ኩኪ አጥፊው ነው። ገጾችን በተመሰጠረ ግንኙነት (ኤችቲቲፒኤስ) የሚያስከፍተውን ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌርን ሠሪው፣ የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ ራሱ ጡረታ አውጥቶታል፣ ሥራውን አሁን ብራውዘሮቹ ይሠሩታል። ሴቲንግ ውስጥ ሁልጊዜ በኤችቲቲፒኤስ ክፈት የሚለውን ማብራት ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው፦

ሁላችሁም ስለ ድረ ገጹ ታወራላችሁ። ኤክስቴንሽኑንስ ማን ያየዋል?

ስትጭኑት ብቅ የምትለዋን ጽሑፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ ዳታህን ማንበብና መለወጥ ይችላል» ትላለች። ቀልድ አይደለችም። ኢሜልህን፣ የምትጽፈውን የይለፍ ቃል፣ የባንክ ገጽህን ሁሉ ማለት ነው። ትራከር የሚያየው ስክሪፕቱ ያለበትን ገጽ ብቻ ነው። ኤክስቴንሽን ሁሉንም ያያል።

ታሪኩም አለ። ስታይሊሽ የሚባለው ገጽ ማሳመሪያ በ2018 የሰዎችን የጉብኝት ታሪክ ወደ ሰርቨሩ ሲልክ ተገኝቶ ከክሮምም ከፋየርፎክስም መደብር ተባረረ። ዘ ግሬት ሰስፔንደር ያልተጠቀምንባቸውን ታቦች የሚያስተኛ ጨዋ ኤክስቴንሽን ነበር። በ2020 ባለቤቱ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠው፣ በ2021 ጉግል ማልዌር (ጎጂ ኮድ) አለበት ብሎ አወጣው። ናኖ አድብሎከርስ? እሱም በ2020 ተሸጠ። ወዲያው ሰዎች ያላዩትን የኢንስታግራም ፎቶ አካውንታቸው ላይክ ሲያደርግ አገኙት። ልብ በሉ፣ ይሄኛው ማስታወቂያ ከልካይ ነው!

የአቫስት ግን ይብሳል። ትራከር እከለክላለሁ ብሎ ያስጫነውን ሶፍትዌር የሰዎችን ጉብኝት ለመሰብሰብ ተጠቀመበት፣ ጀምፕሾት በሚባል ንዑስ ኩባንያው በኩልም ሸጠው። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የተባለው እዚህ ላይ ነው።

እናት_ሰሌዳ፦

@ተጠራጣሪው ልክ ነህ፣ እኔም «አንድ ይበቃል» ያልኩት ለዚያ ጭምር ነው። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን የቤትህን ቁልፍ የምትሰጠው ሰው ነው። ሰባት ቁልፍ ከበተንክ ማን እንደገባ አታውቅም።

ስለዚህ ከማን እጅ እንደሆነ ይታይ። ዩብሎክ ኦሪጅንን የሚሠራው ሬይመንድ ሂል ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የገንዘብ ልገሳ እንኳ አይቀበልም። መስጠት የፈለገ ዝርዝሮቹን ለሚያዘጋጁት ይስጥ ይላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ «ኦሪጅን» የሚለው ቃል የሌለበት ስመ ሞክሼ አለ፣ ባለቤቱም ሌላ ነው። መደብር ውስጥ ስትፈልጉ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አድብሎክ ፕላስ ከ2011 ጀምሮ «ተቀባይነት ያላቸው» የሚላቸውን ማስታወቂያዎች ያሳልፋል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዚህ ይከፍላሉ። ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፣ ሲጫን ግን የበራ ነው። ጎስተሪም ዱሮ ስሙ የጠፋው የቀድሞ ባለቤቱ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች ያዋጡትን የትራከር መረጃ ለማስታወቂያው ዓለም ይሸጥ ስለነበረ ነው። በ2017 ባለቤት ቀይሯል፣ በ2018 ኮዱን ከፍቷል። ዛሬ መጥፎ ነው አልልም። ከዩብሎክ ጋር ደርቦ መጫን ግን ትርጉም የለውም።

ሊንክ_አትላኩልኝ፦

ማንም ሰው ያላነሳትን ልናገር። የምትልኩልን ሊንክ ጅራት ይቆረጥ! ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የሚንጠለጠለው ያ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅጥልጥል አብዛኛውን ጊዜ ለገጹ ምንም አይጠቅምም። ሊንኩን ከየት እንደጫናችሁት፣ አንዳንዴም እናንተ ማን እንደሆናችሁ የሚናገር ነው። እናንተ ኮፒ አድርጋችሁ በግሩፕ ስትለቁት የእናንተ መለያ ለሃምሳ ሰው ይደርሳል። ፋየርፎክስ ላይ ሊንኩን በቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ያለ መከታተያ ኮፒ የሚያደርግ ምርጫ አለ።

ጨረስኩ።

ሰባራ_ኪቦርድ፦

አመሰግናለሁ፣ በተለይ እናት ሰሌዳ። እሺ ሌሎቹን አወጣሁ። ግን አስቀር ያላችሁኝ ራሱ ደብዝዟል። ዩብሎክ ኦሪጅንን ጉግል ለምን አጠፋው? ሆን ብሎ ነው?

የሌሊት_ወፍ፦

ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለራስህ ፍረድ። የሆነውን ልንገርህ።

ክሮም ኤክስቴንሽን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስን ደንብ አለው፣ ማኒፌስት ይባላል። በሁለተኛው ደንብ ኤክስቴንሽኑ እያንዳንዱን ጥያቄ መሃል መንገድ ላይ አስቁሞ፣ አይቶ፣ ራሱ ይወስን ነበር። በሦስተኛው ደንብ ግን ኤክስቴንሽኑ «እነዚህን ዝጋ» የሚል ዝርዝር አስቀድሞ ለብራውዘሩ ይሰጣል፣ የሚወስነው ብራውዘሩ ነው። የሕጎቹም ብዛት ገደብ አለው። ጉግል ለደኅንነትና ለፍጥነት ነው ይላል። ተጠራጣሪው ያነሳው ችግር እውነት ስለሆነ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግን ገቢው ከማስታወቂያ የሆነ ኩባንያ የማስታወቂያ ከልካይን ጥርስ ሲሞርድ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ከ2024 ጀምሮ የድሮዎቹን ኤክስቴንሽኖች ቀስ በቀስ እያጠፋ መጥቶ በ2025 ጨረሳቸው።

አሁን ሁለት መንገድ አለህ። ክሮም ላይ ከቀረህ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት አለ። የዚያው ሰው ሥራ ነው፣ በአዲሱ ደንብ የተጻፈ። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሁለተኛው መንገድ ፋየርፎክስ ነው፤ እዚያ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ዛሬም ይሠራል።

ፋየርፎክስ ላይ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። አንዳንድ ትራከሮች አድራሻቸው እንደተዘጋባቸው ሲያውቁ ሌላ ዘዴ አመጡ። ድረ ገጹ በራሱ ስም ሥር ንዑስ አድራሻ ይከፍትላቸዋል። ከውጭ ስታየው የድረ ገጹ የራሱ ይመስላል፣ በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ሰርቨር አድራሻ በሚተረጉመው ሥርዓት) ስትከተለው ግን የትራከሩ ሰርቨር ላይ ትደርሳለህ። በሌላ ሰው ጋቢ ተከናንቦ መግባት በለው። ፋየርፎክስ ለኤክስቴንሽን ያንን የዲኤንኤስ መልስ ያሳያል፣ ዩብሎክም ከ2020 ጀምሮ ጋቢውን ይገልጣል። ክሮም ላይ ይሄ ፈጽሞ ኖሮ አያውቅም።

ባለጦማሩ፦

ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ። የምታነቡትን ግን ማን ይክፈል?

እኔ ትንሽ ጦማር አለኝ። ሰርቨር እከፍላለሁ፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ያለችኝ ገቢ የማስታወቂያ ናት። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ከልካይ ጭነዋል። ነጻ ይነበባል፣ ነጻ ይታማል። ማስታወቂያ የማይፈልግ ሰው ጽሑፉንም ይተው።

ተጠራጣሪው፦

ወንድሜ፣ ገጽህ ላይ ማን ማን እንደሚገባ አንተ ራስህ ታውቃለህ?

ባለጦማሩ፦

አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ነው ያለኝ። አንድ መስመር ኮድ ነው የለጠፍኩት።

እናት_ሰሌዳ፦

@ባለጦማሩ ስለ ገቢህ ያልከው እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ግን ያቺ አንድ መስመር ምን እንደምታደርግ ላሳይህ።

አንባቢ ገጽህን ሲከፍት ባዶዋ የማስታወቂያ ቦታ ለጨረታ ትቀርባለች። ጨረታው ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ፣ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል። ለተጫራቾች የሚላከው ጥያቄ ውስጥ የገጹ አድራሻ፣ የአንባቢው መለያ፣ የሚጠቀምበት መሣሪያ፣ በግምት ያለበት ቦታ ይገኛል። ጨረታውን የሚያሸንፈው አንዱ ነው። ጥያቄውን ያየው ግን ብዙ ነው። የተሸነፉትም አንባቢህን አይተውት ነው የሚሄዱት። አንተ አንድ ድርጅት አስገባሁ ብለሃል፣ ድርጅቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቷል።

ማስታወቂያና ክትትል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ካሜራ የሚያወራ ጽሑፍ ጎን የካሜራ ማስታወቂያ ለማስቀመጥ አንባቢው ትናንት የት እንደዋለ ማወቅ አያስፈልግም። ዳክዳክጎ የተባለው የፍለጋ ገጽ የሚኖረው በዚህ ነው፤ የፈለግከውን ቃል አይቶ ማስታወቂያ ያሳያል፣ አንተን አይከታተልም። ፕራይቬሲ ባጀርም ማስታወቂያን በማስታወቂያነቱ አይዘጋም። የሚከታተለውን ነው የሚዘጋው። ማስታወቂያህ የማይከታተል ቢሆን ባጀር ያሳልፈው ነበር።

ባለጦማሩ፦

የማይከታተለው የሚከፍለው ግን ያንሳል። እሱንስ ማን ይሙላልኝ? ጨረታውን በዚህ ልክ አላሰብኩትም ነበር፣ እሺ። ዩብሎክ ግን ባጀር አይደለም። በገጼ ላይ በእጄ የለጠፍኩትን የጓደኛዬን ምስል እንኳ ይዘጋዋል።

የሌሊት_ወፍ፦

እሱ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት የምስሉ ፋይል ስም ወይም መጠን ከዝርዝሩ ጋር ገጥሞ ነው። ለምንወደው ገጽ ዩብሎክን እናጥፋ። አዶውን ስትጫኑ ትልቋ የማብሪያ ማጥፊያ ምልክት ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ያጠፋዋል፣ ያስታውሰዋልም። እኔ ለተወሰኑ ገጾች አድርጌዋለሁ።

በሌላ በኩል የደኅንነት ነገር አለ። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ማስታወቂያ ከልካይ እንዲጠቀም መክሯል። ምክንያቱም አጭበርባሪዎች የታወቁ ድርጅቶችን መስለው በፍለጋ ውጤት አናት ላይ ማስታወቂያ ይገዛሉ። ሰው ትክክለኛው ነው ብሎ ይጫናል፣ የይለፍ ቃሉን ያስረክባል።

ሮማን_ኤ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ሞኝ ሊመስል ይችላል። እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም። ቀበቶ ቢያሳዩኝ ምን ይጎዳኛል? ደግሞ እኔ ኮምፒውተር ብዙም አልነካም። ሁሉ ነገሬ ስልኬ ላይ ነው።

እናት_ሰሌዳ፦

@ሮማን_ኤ ሞኝ ጥያቄ አይደለም እህቴ። ቀበቶው አይጎዳሽም። ከቀበቶው በስተጀርባ ያለው መዝገብ ግን ቀበቶ ላይ አይቆምም። በ2022 ዘ ማርክአፕ የተባለ የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም የአሜሪካን 100 ታዋቂ ሆስፒታሎች ድረ ገጽ ፈትሾ፣ በ33ቱ ላይ የፌስቡክ ፒክሰል (የመከታተያ ኮድ) አገኘ። ታማሚ ቀጠሮ ለመያዝ ቁልፉን ሲጫን መረጃው ወደ ፌስቡክ ይሄድ ነበር። ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚደብቀው ነገር ስላለው አይደለም። ለሐኪሙ ብቻ የሚነግረው ነገር ስላለው ነው።

የስልኩን ሌላ ሰው ይመልስልሽ፣ እጄ ደከመ።

የሌሊት_ወፍ፦

እኔ ልመልስ። አንድሮይድ ከሆነ የስልኩ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የስልኩ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል፣ ዩብሎክ ኦሪጅንም እንዳለ ይሠራል። ብሬቭ የተባለውን ብራውዘር ከጫንሽ ደግሞ ከልካዩ አብሮት የተሠራ ስለሆነ ምንም መጨመር አይጠበቅብሽም። አይፎን ላይ ሳፋሪ ውስጥ የሚገቡ ከልካዮች አሉ፣ ከአፕ ስቶር ይጫናሉ። ሳፋሪ ራሱም የሦስተኛ ወገን ኩኪን ከ2020 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ይሄ ሁሉ ግን ብራውዘር ውስጥ ለምታዪው ነው። አፖቹን አይነካቸውም። አንድ ገጽ በአፕም በብራውዘርም የሚከፈት ከሆነ በብራውዘር ክፈቺው። ለአፖቹ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ የግል ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለ። ትራከር የሚከለክል የዲኤንኤስ አገልግሎት አድራሻ እዚያ ከጻፍሽ የአፖቹንም የተወሰነ ያስቀራል። የተወሰነ ነው ያልኩት። ማስታወቂያው ከይዘቱ ጋር ከአንድ አድራሻ ከመጣ ዲኤንኤስ አይለየውም።

ዜሮ_አንድ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቻለሁ። ልፋታችሁ ግማሹ ከንቱ ነው። ኩኪ የድሮ ወሬ ሆኗል። አሁን የብራውዘር አሻራ ነው ያለው። የስክሪንህ መጠን፣ ያሉህ ፎንቶች፣ የሰዓት ክልልህ፣ ግራፊክስ ካርድህ ሥዕል የሚስልበት መንገድ ሲደመር አንተን ብቻ ይሰጣል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2010 ሲሞክረው ከ470 ሺህ በላይ ከሆኑት ብራውዘሮች 83.6 ከመቶው አምሳያ አልነበራቸውም። ኩኪ ይጠፋል፣ አሻራ አይጠፋም። ኤክስቴንሽን በጨመርክ ቁጥር ደግሞ አሻራህ ይበልጥ የተለየ ይሆናል።

እናት_ሰሌዳ፦

@ዜሮ_አንድ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ልክ ነው። ፕራይቬሲ ባጀርን ራሱ ገጥሞታል። ባጀር ዱሮ ትራከርን የሚለየው ራሱ እያየ ነበር፤ አንድ አድራሻ በሦስት ድረ ገጾች ላይ ሲከታተል ካየው ይዘጋዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ባጀር የተማረው የተለያየ ነው። በ2020 የጉግል ደኅንነት ባለሙያዎች ያ ልዩነት ራሱ ሰውን ለመለየት ሊያገለግል እንደሚችል አሳዩ። ሠሪዎቹም በየሰው ብራውዘር የሚካሄደውን መማር አጠፉት። አሁን ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር ይልካሉ፣ መማሩን የፈለገ በገዛ እጁ ያበራዋል።

«ከንቱ» የሚለውን ግን አልቀበልም። አሻራ የሚሰበስበውም ስክሪፕት ነው፣ ከሆነ አድራሻ መምጣት አለበት። አብዛኛው ደግሞ ከታወቁት የትራከር አድራሻዎች ይመጣል። አድራሻው ከተዘጋ ስክሪፕቱ አይወርድም፣ ካልወረደ ፎንትህን አይቆጥርም። የሚያመልጥ አለ፣ አዎ። ፈጽሞ መለየት የማይፈልግ ሰው ቶር ብራውዘር አለለት። እዚያ ሁሉም ሰው አንድ እንዲመስል ስለተሠራ፣ ምንም ኤክስቴንሽን አትጨምሩበት ይባላል። እዚህ ጥያቄ የጠየቀው ልጅ ግን ከስለላ ድርጅት የሚሸሽ አይደለም። ወገቡን ነው ያመመው።

ዜሮ_አንድ፦

ሃሃ። እሺ፣ «ግማሹ» የሚለው ወደ ሩብ ይውረድልኝ።

ሰባራ_ኪቦርድ፦

ወገቤን ተዉት በቃ 😄 ቪፒኤኑንስ? እሱን ማውጣት አሳስቦኛል። ኢንኮግኒቶስ አይበቃም?

ተጠራጣሪው፦

ቪፒኤን አይፒህን ይቀይራል እንጂ ኩኪህን አይነካም። ትራከሩ «ያው ሰውዬ፣ አድራሻ ቀየረ» ይላል። ኢንተርኔት አቅራቢህ የሚያየውን ቪፒኤኑ ያያል፣ እምነትህን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወርክ እንጂ አላስቀረኸውም። ነጻ ሆኖ ሰርቨሩን ማን እንደሚከፍል ካልተናገረ እኔ አልነካውም።

ኢንኮግኒቶ ከቤትህ ሰው ይደብቅሃል። ስትዘጋው ታሪኩና ኩኪው ይጠፋል፣ ክፍት እያለ ግን ድረ ገጾቹ ያዩሃል። ክሮም ላይ ደግሞ ካልፈቀድክላቸው ኤክስቴንሽኖችህ ኢንኮግኒቶ ውስጥ አይሠሩም። ስለዚህ ተሸሸግኩ ያልክበት ቦታ ከልካይህ ተኝቷል።

ጡረተኛው፦

ልጆች፣ ደህና ናችሁ? ልጄ ይህንን ዩብሎክ ጭኖልኝ ነበር። ደስ ይላል። ግን በካርድ ክፍያ ስፈጽም የማረጋገጫው መስኮት ነጭ ሆኖ ቀረ። ከፈልኩ አልከፈልኩም ሳላውቅ ጨነቀኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

የሌሊት_ወፍ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። የማረጋገጫ መስኮቱ ከካርድ አውጪው ባንክ የሚመጣ ሌላ ገጽ ነው። ለኤክስቴንሽኑ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ስለሚታየው አንዳንዴ ይዘጋዋል፣ በተለይ አጠባበቁ ከበረታ። ልጅዎ ተጨማሪ ነገር አብርቶበት እንደሆነ ይጠይቁት። ባዶ መስኮት ካዩ ገጹን ደጋግመው አያድሱት፤ መጀመሪያ የሂሳብዎን እንቅስቃሴ ይመልከቱ፣ ገንዘቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ካልወጣ ዩብሎክን ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ያጥፉትና እንደገና ይሞክሩ።

ከዚያ የሚሻለው ግን ሁለተኛ ፕሮፋይል መክፈት ነው። ብራውዘሩ ውስጥ «ክፍያ» የሚል አዲስ ፕሮፋይል ይፍጠሩ፣ ምንም ኤክስቴንሽን አይጫንበት። ባንክና ክፍያ እዚያ፣ ዜናና ሌላው እዚህ። ምንም አይሰበርብዎትም፣ የትኛውም ኤክስቴንሽን የባንክ ገጽዎን አያይም።

ጡረተኛው፦

ተባረክ ልጄ። ሁለት ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ተጠራጣሪው፦

የዚህ ክር ምርጥ መልስ ይቺ ናት። ሌላውን ብትረሱ እንኳ የክፍያውን ፕሮፋይል ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሰባራ_ኪቦርድ፦

ወደ ፋየርፎክስ ገባሁ። ዩብሎክ ኦሪጅን ብቻ። ሴቲንግ ውስጥ ያለውን መከታተያ መከላከያ ጥብቅ አደረግኩት። ገጾቹ ተስተካክለዋል። «ኩኪ ተቀበል» የሚለው መስኮት ብቻ አሁንም ያሰለቸኛል።

ሌላ ደግሞ፣ የዩብሎክን ሎገር (የሚያልፈውንና የሚዘጋውን ጥያቄ የሚዘረዝረውን መስኮት) ከፍቼ የመስመሮቹን ጎርፍ እያየሁ ነው። ቀዩ የተዘጋ መሆኑ ገብቶኛል። ግን አንድ የዕቃ መሸጫ ገጽ ከተከፈተ በኋላ ዝም ብዬ ስቀመጥ መስመሩ ይቆማል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ አዲስ ቀይ መስመር ይመጣል። ፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ፊደል ስጽፍ ሌላ ይመጣል፣ ሁሉም ወደ አንድ አድራሻ። ምንድን ነው እሱ?

እናት_ሰሌዳ፦

የኩኪው መስኮት ቀላል ነው። የዩብሎክ ዳሽቦርድ ውስጥ የፊልተር ዝርዝሮች የሚል ታብ አለ። ወደ ታች ስትወርድ የኩኪ ማሳወቂያዎችን የሚደብቅ ዝርዝር ታገኛለህ። ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ አብራው። ለዚህ ሌላ ኤክስቴንሽን አትጫን።

ሎገር ላይ ያየኸው የጉብኝት ቀራጭ ይመስላል። ማውስህ የት እንደሄደ፣ ምን ላይ እንደቆምክ፣ ምን እንደጻፍክ ይመዘግብና የገጹ ባለቤት በኋላ እንደ ቪዲዮ መልሶ ያየዋል። በ2017 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደነዚህ ባሉ ስክሪፕቶች ላይ ጥናት አውጥተዋል። አንዳንዶቹ በቅጽ ውስጥ የተጻፈውን «ላክ» ሳይባል በፊት ይወስዱ ነበር። ያንተ ገጽ ላይ ስክሪፕቱ ከገጹ ፋይሎች ጋር ተቀላቅሎ ስለመጣ ሳይዘጋ አልቀረም፣ ለዚህ ነው ማውስህን የሚያየው። የሰበሰበውን የሚልክበት አድራሻ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በነካህ ቁጥር ሊልክ ይሞክራል፣ በሩ ላይ ይመለሳል። ቀዮቹ መስመሮች እነሱ ናቸው።

ሰባራ_ኪቦርድ፦

ጽፌ የሰረዝኩትንስ? ሳልልከው የተውኩትን?

እናት_ሰሌዳ፦

እሱንም ሊያነበው ይችላል። ሎገሩ ላይ ያንን መስመር ተጫነው፣ በየትኛው ዝርዝር እንደተዘጋ ያሳይሃል። ኢዚፕራይቬሲ የሚል ካየህ ሌላ የምትጨምረው ነገር የለም።